ሐዲድ የወለዳት ከተማ፦ ድሬዳዋ፣ የዓለም ንግድና የገበሬው ድርሻ

በአገራችን ከተሞች የተቆረቆሩበት ምክንያት የተለያየ ነው። ጎንደር በነገሥታት መቀመጫነቷ፣ ላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቷ፣ ሐረር በጥንታዊ ንግዷና በእስልምና ትምህርት ማዕከልነቷ ይታወቃሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍል ውኃ አጠገብ በተተከለ ቤተ መንግሥት ዙሪያ አድጋለች። ድሬዳዋ ግን ከነዚህ ሁሉ የተለየ አመጣጥ አላት። ድሬዳዋን የወለዳት የዓለም ንግድ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ገንዘብ ሐዲድ ዘረጋ፤ ሐዲዱ ጣቢያ አቆመ፤ ጣቢያው ገበያ ጠራ፤ ገበያው ከተማ ሆነ።

የዚህች ከተማ ታሪክ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትና ለአመራር አካላት ልዩ ትርጉም አለው። ምክንያቱም በድሬዳዋ በኩል ወደ ውጭ ገበያ ሲወጣ የኖረው ቡና፣ ቆዳና ሌላው ምርት ከተማ ውስጥ የበቀለ አልነበረም። የገበሬውና የአርብቶ አደሩ ላብ ነበር። በመሆኑም አንድ ከተማ በዓለም ንግድና በውጭ ኢንቨስትመንት እንዴት እንደሚያድግ፣ ንግዱ ፊቱን ሲያዞርበት እንዴት እንደሚጎዳ፣ አምራቹስ ከዕድገቱ ምን እንደሚያገኝ ለመመርመር የድሬዳዋን ያህል ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከባቡሩ በፊት

ባቡር ከመምጣቱ በፊት የምሥራቁ ንግድ እምብርት ሐረር ነበረች። ከሐረርጌ ደጋና ከመሃል አገር የሚመጣው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰም፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በሐረር በኩል ወደ ዘይላ ወደብ ይወርድ ነበር። በመልስ ጉዞው አቡጀዲ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የጦር መሣሪያና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይገባል። የበረሃውን መንገድ የሚያቋርጠው ግመል ነው። ተራራው ሲጀመር ግን ጭነቱ ከግመል ጀርባ ወርዶ በበቅሎና በአህያ ይጫናል። ይህ የጭነት ቅያሪ የሚደረገው ከተራራው ግርጌ ባለችው ጊልዴሳ ስለነበር ቦታዋ በሲራራ ነጋዴዎች ዘንድ በእጅጉ የታወቀች ነበረች።

ሐረር ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. በግብፆች እጅ ከቆየች በኋላ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ሥር ገባች። ራስ መኮንንም አገረ ገዥ ሆኑ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የማዕከላዊው መንግሥት ዓይን በሐረር በኩል ወደሚያልፈው የባሕር በር ይበልጥ አተኮረ። ይሁን እንጂ መንገዱ ረጅምና አድካሚ ነበር። ከባሕር ጠረፍ እስከ መሃል አገር ለመድረስ ሳምንታት ይጠይቃል። የትራንስፖርቱ ወጪ ከፍተኛ በመሆኑም ክብደቱ አነስተኛ፣ ዋጋው ግን ውድ የሆነ ዕቃ ካልሆነ በቀር ወደ ውጭ መላክ አያዋጣም። እህል ለማውጣት ማሰብ እንኳ የማይሞከር ነበር። ገበሬው ትርፍ ቢያመርትም ከአካባቢው ገበያ አልፎ የሚሄድበት መንገድ አልነበረውም።

ተራራውን ያልወጣው ሐዲድ

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል የተባለውን የባቡር ሐሳብ ያቀረቡት የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ የነበሩት የስዊዝ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ ለኢልግ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጧቸው። ፈቃዱ ለ99 ዓመታት የሚቆይ ሲሆን፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ እንዲደርስ የታሰበ ነበር። ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዎን ሼፍኔ ጋር ሆነው ኩባንያ አቋቋሙ። ገንዘቡ በዋነኛነት ከፈረንሳይ፣ በኋላም ከእንግሊዝ ባለሀብቶች ተገኘ። ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ።

ነገር ግን ሥራው እንደታሰበው አልሄደም። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ከባድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። ስለሆነም መስመሩ ሐረርን በስተደቡብ ትቶ በቆላው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከተራራው ግርጌ በደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። ጣቢያው የተተከለበትም ስፍራ በመጀመሪያ “አዲስ ሐረር” ተባለ። ዛሬ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ ልደቷ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የተከሰተው ነገር ለከተማዋ ዕድገት ወሳኝ ነበር። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት በነበረበት ወቅት የፈረንሳይ መንግሥት በድጎማ ስም ጣልቃ ገባ። ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት ለግል ኩባንያ እንጂ ለውጭ መንግሥት ስላልነበረ ነገሩን ለአገር ነፃነት አስጊ አድርገው አዩት። ከዓድዋ ድል በኋላ ጥቂት ዓመታት ብቻ ስለተቆጠሩ ሥጋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚህ አለመግባባትና በገንዘብ እጥረት ሳቢያ ሐዲዱ ከድሬዳዋ ሳያልፍ ለዓመታት ቆመ። የመጀመሪያው ኩባንያም በ1899 ዓ.ም. ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. በተደረገ አዲስ ስምምነት ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራውን ተረከበ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ድሬዳዋ በእነዚያ የቆመባቸው ዓመታት የባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ ሆነች ማለት ነው። ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚያ ይራገፋል፤ ከመሃል አገር በአጋሰስ የመጣውም እዚያ ይጫናል። መጋዘን የሚያስፈልገው እዚያ ነው፤ ጉምሩክ የሚቆመው እዚያ ነው፤ ነጋዴው የሚያድረው፣ በቅሎው የሚቀለበው እዚያ ነው። ከተማዋን መንገደኛ ከሚያልፍባት ጣቢያ ወደ ንግድ ማዕከልነት ያሸጋገራት ይህ ሁኔታ ነው። በአንጻሩ ጊልዴሳ ተረሳች። ሐረርም የአስተዳደርና የሃይማኖት ክብሯን ይዛ ብትቀጥልም የውጭ ንግዷን ለታናሽ እህቷ አስረከበች። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የድሬዳዋ ከተማን ነዋሪ ከ233 ሺህ በላይ፣ የሐረርን ደግሞ ከ99 ሺህ በላይ አድርጎ መመዝገቡ የዚህን ለውጥ መጠን ያሳያል።

ንግዱ ከተማ ሲሠራ

ድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። በአንዱ ወገን የባቡር ኩባንያው ጣቢያ፣ ወርክሾፕና የሠራተኞች መኖሪያ ያረፈበት፣ መንገዶቹ በመስመር የተቀየሱ ከዚራ አለ። በሌላው ወገን ደግሞ የአገሬው ገበያ የደመቀበት መጋላ ይገኛል። በዚህ አሠፋፈር ብቻ የከተማዋን አመጣጥ ማንበብ ይቻላል።

ወደ ከተማዋ የጎረፈው ሰው ከብዙ አቅጣጫ ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ አደሬው፣ ጉራጌው ከአገር ውስጥ፤ ዓረቡ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ፈረንሳዩ ከውጭ መጥተው ኖረውባታል። ከኤደንና ከቦምቤይ ጋር ግንኙነት የነበራቸው የሕንድና የዓረብ ነጋዴዎች ጨርቅ ያስገባሉ፤ ቡናና ቆዳ ያስወጣሉ። ግሪኮችና አርመኖች በሆቴል፣ በዳቦ ቤትና በልዩ ልዩ የእጅ ሥራ ተሰማሩ። የባቡር መንገደኛው ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ስለሚፈጅበትና በድሬዳዋና በአዋሽ ስለሚያድር፣ የሆቴልና የምግብ ቤት ሥራ ለብዙ ሰው መተዳደሪያ ሆነ።

ከሁሉም በላይ ግን ለከተማዋ ዘላቂ ሀብት የሆነው የባቡሩ ወርክሾፕ ነው። በወርክሾፑ ውስጥ ብረት ማቅለጥ፣ መበየድ፣ ሞተር መፍታትና መግጠም የቻሉ በርካታ ኢትዮጵያውያን የእጅ ባለሙያዎች ወጡ። ከአገሪቱ ቀደምት የሠራተኛ ማኅበራት መካከል አንዱ የተጀመረውም በዚሁ በባቡር ሠራተኞች መካከል ነው። በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህም የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በድሬዳዋ ተተከሉ። እነዚህ ፋብሪካዎች በድሬዳዋ ሊተከሉ የቻሉት ባቡር፣ የሠለጠነ የሰው ኃይልና የገበያ ትስስር ቀድሞ በመኖሩ ነው። ንግዱ ያመጣው ጥቅም ለነጋዴው ኪስ ብቻ ሳይሆን ለሙያና ለፋብሪካ መሠረት የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ገበሬውስ ምን አገኘ?

የከተማዋ ዕድገት ይህን ሲመስል፣ ለንግዱ ምርት ያቀረበው ገበሬ ሁኔታ ግን በዚያው ልክ አልተለወጠም። በፀሐይ ደርቆ ለገበያ የሚቀርበው የሐረር ቡና በጣዕሙ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ቡናው ከገበሬው ደጅ ተነሥቶ ጅቡቲ እስኪደርስ ግን በብዙ እጅ ያልፋል። በመንደር ያለው ሰብሳቢ ከገበሬው ይገዛል፤ ከሰብሳቢው አቅራቢው፣ ከአቅራቢው ላኪው ይረከባል። ባቡሩም ለረጅም ጊዜ ተወዳዳሪ ስላልነበረው የጭነት ታሪፉ በጣም ውድ ነው የሚል ቅሬታ በነጋዴው ዘንድ የተለመደ ነበር። ነጋዴው የከፈለውን ታሪፍ ደግሞ ከገበሬው ዋጋ ላይ መቀነሱ አይቀርም። ሚዛኑ የነጋዴው፣ የዋጋው ወሬ የነጋዴው፣ መጋዘኑም የነጋዴው ነበር። የገበሬው ምርት ከተማ ሲሠራ፣ ገበሬው ራሱ በከተማው ውስጥ የሚወክለው አንድም ክፍል መጋዘን አልነበረውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዓለም ገበያ ሲናወጥም የመጀመሪያው ተጎጂ ገበሬው ነው። በ1981 ዓ.ም. የዓለም ቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ የቡና ዋጋ አሽቆለቆለ። በ1993 እና 1994 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ ዋጋው ለብዙ ዓመታት ታይቶ በማይታወቅ ሁኔታ ወረደ። በሐረርጌ ብዙ ገበሬዎች ቡናቸውን ነቅለው ጫት ተከሉ። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚቆረጥና በየጊዜው ጥሬ ገንዘብ የሚያስገኝ በመሆኑ ገበሬው ያደረገው ምርጫ በራሱ ስሌት ትክክል ነበር። ነገር ግን በዓለም የታወቀ የቡና ስም ባለበት አገር የቡና ዛፍ መነቀሉ፣ ስሙ ያስገኘው ጥቅም ለዛፉ ባለቤት እንዳልደረሰ የሚያሳይ ነው።

መንገዱ ሲዞር

በንግድ መስመር ላይ የቆመ ከተማ መስመሩ ሲዞር ይጎዳል። ድሬዳዋም ይህ ደርሶባታል። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ የአሰብ ወደብና ወደዚያ የሚወስደው የመኪና መንገድ እየተጠናከረ መጣ። ጭነቱም ቀስ በቀስ ከባቡር ወደ ከባድ መኪና ዞረ። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ጦርነቱ እስከ ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። ድልድዮች ፈረሱ፤ ባቡሩም ለወራት ቆመ። ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ባቡሩ የሁለቱ አገሮች የጋራ ድርጅት ቢሆንም ሐዲዱና ባቡሮቹ እያረጁ፣ መለዋወጫ እየጠፋ ሄደ።

በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘጋ። የአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ በአብዛኛው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ይህ ጊዜ ለድሬዳዋ ትንሣኤ ይሆናል ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ጭነት የሄደው በሚሌና በጋላፊ በኩል ባለው የመኪና መንገድ ነው። ወደቡ ጅቡቲ ሆኖ ሳለ ድሬዳዋ ከዋናው የጭነት መስመር ውጪ ቀረች። አሮጌው ባቡርም ደክሞ ደክሞ በመጨረሻ ቆመ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም ተዳከመ። ከከተማው ሰው ከፊሉ ኑሮውን በኮንትሮባንድ ሸቀጥ ላይ መሠረተ። ይህ ደግሞ ቁጥጥሩ ሲላላ የሚደምቅ፣ ሲጠብቅ የሚደርቅ ገቢ ነው።

ለከተማዋ ሌላ ትልቅ ትምህርት የሆነው የውኃ አደጋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ይህን ያህል ጉዳት ያደረሰው ከደጋው የወረደው ዝናብ መያዣ በማጣቱ ነው። ተራራው ሲራቆት፣ እርከን ሳይሠራ ሲቀር፣ ጎርፉ ከገበሬው ማሳ አፈሩን ይዞ ከተሜው ቤት ይገባል። የከተማው ደኅንነት በላይኛው ተፋሰስ ባለ ገበሬ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

አዲሱ ሐዲድ

በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን መስመር የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ ከወጪው አብዛኛው ከቻይና በብድር የተገኘ ነው። መደበኛ አገልግሎቱም በ2010 ዓ.ም. ተጀመረ። በድሬዳዋ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና እዚያው ተመርቋል።

እዚህ ላይ አሮጌውን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። የመጀመሪያውን ሐዲድ ያሠራው የውጭ ገንዘብ ነበር፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። የመጀመሪያው ባለገንዘብ ከአገሪቱ ጋር የነበረው ውል ግልጽ ባለመሆኑ ሥራው ለዓመታት ቆሟል። የውጭ ገንዘብ ጠቃሚ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ብድር የሚከፈለው ባቡሩ ወደ ውጭ ይዞት በሚወጣው ምርት ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ሙሉ መጥቶ ባዶውን ከተመለሰ ዕዳው በአገር ላይ ይከማቻል። ስለዚህ የሐዲዱ ስኬት የሚለካው በጣቢያው ውበት ሳይሆን ከገበሬው ማሳ በሚነሣው ቡና፣ ሰሊጥ፣ ጥራጥሬና የቁም ከብት ብዛትና ጥራት ነው።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተርፈው ትምህርት

ድሬዳዋ በተቆረቆረችበት ዘመን ገበሬው በጋራ የሚሸጥበት ድርጅት አልነበረውም። ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ ወዲህ መሠረታዊ ማኅበራት ተሰባስበው ዩኒየን ማቋቋም ችለዋል። አዋጁ በቁጥር 985/2009 በአዲስ ተተክቷል። በ1991 ዓ.ም. የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ሐረርጌን ጨምሮ ከልዩ ልዩ ቡና አብቃይ አካባቢዎች የተሰባሰቡ ማኅበራትን ይዞ ቡናቸውን ያለ መካከለኛ ነጋዴ ለውጭ ገዥ ማቅረብ ጀመረ። የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ዩኒየኖችም ተከተሉት። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋምም ዩኒየኖች የአባሎቻቸውን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ የመላክ ዕድላቸው አልተዘጋም። የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉት ስሞች በንግድ ምልክትነት እንዲታወቁ ባደረገው ጥረትም በ1999 ዓ.ም. ከአሜሪካው ስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ተደርሷል። የቦታ ስም ራሱ የገበሬው ሀብት መሆኑ በዚህ ታውቋል።

ከድሬዳዋ ታሪክ የሚከተሉትን ነጥቦች መውሰድ ይቻላል።

አንደኛ፣ ጥቅሙ የሚቀረው ጭነቱ ከሚራገፍበትና ከሚዘጋጅበት ቦታ ነው። ድሬዳዋን ያሳደጋት ዕቃ ማለፉ ሳይሆን መቆሙ ነው። ስለዚህ ዩኒየኖች ምርት ሰብስቦ ከማስተላለፍ አልፈው መጋዘን፣ ማበጠሪያና ማቀነባበሪያ በአምራቹ አካባቢ ማቋቋም ይኖርባቸዋል። ምርቱ የሚበጠርባት ትንሽ ከተማ በሥራና በሙያ ታድጋለች።

ሁለተኛ፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ምርትና በአንድ ገዥ ላይ ብቻ መንጠላጠል አደጋ አለው። ሐዲድ ይቆማል፤ ወደብ ይዘጋል፤ ዋጋ ይወርዳል። የገበሬው ማሳ ልዩ ልዩ ሰብል ሲይዝ፣ የዩኒየኑም ደንበኛ ሲበዛ ጉዳቱ ይቀልላል።

ሦስተኛ፣ ሙያ ከሐዲድ ይበልጣል። ባቡሩ ቢቆምም የወርክሾፑ ባለሙያዎች እጅ አልቆመም። አንድ ዩኒየን የጥራት ቀማሽ፣ የሒሳብ ሠራተኛና የገበያ ባለሙያ ከአባላቱ ልጆች ማፍራቱ ሕንጻ ከማሠራቱ ይቀድማል።

አራተኛ፣ የከተማ አስተዳደርና የገጠር ወረዳ ዕቅዳቸውን ለየብቻ ሊያወጡ አይገባም። ደቻቱ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ለባለሀብት መሬት ሲሰጥ ምርቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ውኃው ከየት እንደሚወርድ አብሮ መታየት አለበት።

ዩኒየኑ በዓሉን ሲያከብር አባላቱ የሠሯቸውን ሥራዎች መቁጠራቸው ተገቢ ነው። ከዚያ ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ቢነሣ መልካም ይሆናል፤ ይኸውም ምርታችን ከመንደራችን ወጥቶ ባሕር ማዶ እስኪደርስ በስንት እጅ ያልፋል፣ ከእነዚያ እጆችስ ስንቱ የእኛ ነው? የሚል ነው። ድሬዳዋን የሠራው ንግድ የገበሬውን ምርት ይዞ ሲያልፍ ገበሬው ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ዛሬ ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ገበሬው በማኅበሩ አማካይነት ሚዛኑንም፣ መጋዘኑንም፣ የውል ወረቀቱንም ሊይዝ የሚችልበት ጊዜ ላይ ደርሷል። በሚቀጥሉት ዓመታት በየአካባቢያችን የሚያድጉት ከተሞች የገበሬውም ከተሞች የሚሆኑት ይህ ዕድል በሥራ ላይ ሲውል ነው።

ለመላው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት መልካም የምሥረታ በዓል!